የአምባዛ ሁለት ትንፋሽ

ከጣርማበር ቁልቁል ወርደው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። በጋው ሲገፋ የይፋት ቆላ ወንዞች ይቆራረጡና ውሃው እዚህም እዚያም በኩሬ ይቀራል። ኩሬው ሲሞቅና ሲደፈርስ በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅን ስለሚያንስ ሌላው ዓሣ ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል። አምባዛ ግን ከጭቃው ሥር ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ተመልሶ ይሰጥማል። ዓሣ ሆኖ አየር ምን ይሠራለታል?

መልሱ የተገኘው ጥቂት በጥቂት ነው። ከ1798 እስከ 1801 እ.ኤ.አ. ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብፅ የቆየው ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ኤቲየን ዦፍሯ ሳንት ኢሌር የዓባይን ዓሦች እየከፈተ ሲያጠና የአምባዛ ራስ ውስጥ እንግዳ ነገር አየ። ጠፍጣፋውን ጠንካራ ራስ ገልጠው ቢያዩ ከስንጥቡ በላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ፣ በቀኝም በግራም፣ ከሁለተኛውና ከአራተኛው የስንጥብ ቅስት የበቀሉ ቅርንጫፋም አካላት ቆመዋል። ጫፋቸው የአበባ ጎመን ይመስላል፤ ደም ሥር ስለሞላባቸው ቀልተዋል። ዓሣው የጎረሰው አየር የሚቀመጠው እዚህ ነው።

ዓሣው ራሱ ማን እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ሌላ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እንግሊዛዊው ዊልያም በርቸል በ1822 ከደቡብ አፍሪካው ጋሪፕ ወንዝ፣ ዛሬ ኦሬንጅ ከሚባለው፣ ያገኘውን አምባዛ መዘገበ። በ1840 ተመራማሪው ቫላንሲየን የሰሜኑን ላዜራ አለው፤ በ1852 ሌላው ተመራማሪ ፒተርስ የምሥራቁን ሞሳምቢከስ አለው። ሁሉም የየራሱ ዝርያ ተደርጎ ከመቶ ዓመት በላይ ተጻፈበት። በመጨረሻ ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ጊ ተግልስ የየሙዚየሙን ናሙና ሲመረምር ልዩነቱ ዝርያ የሚለይ ሆኖ አላገኘውም፤ በ1986 ባሳተመው ሥራው ሁሉንም ክላሪያስ ጋሪፒነስ በሚለው በአንዱ ስም ጠቀለላቸው። የይፋት ወንዞች በሚወርዱበት በአዋሽ ተፋሰስ ያለው አምባዛም የዚሁ ዝርያ አባል ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቱርክ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ያ በራሱ ውስጥ ያለው ቅርንጫፋም አካል ምን እንደሚሠራ በዝርዝር ያጠናው ግብፃዊው ተመራማሪ ሙሳ ነው፤ በ1956 አወቃቀሩን፣ በ1957 ደግሞ ተግባሩን አሳተመ። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ውሃው ንጹሕ ሲሆን አምባዛ በስንጥቡ መኖር ይችላል፤ ኦክስጅኑ ባነሰ ቁጥር ግን ወደ ላይ ብቅ ማለቱን ያዘወትራል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ አካል ከአዳኝነቱ ጋር መግጠሙ ነው። አምባዛ በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ሪዞች በድፍርሱ ውሃ ውስጥ፣ በሌሊትም ሳይቀር፣ ምግቡን ዳስሶና ቀምሶ ያገኛል። ሌላው ዓሣ በአየር እጦት ሲዝል እሱ ጉልበቱ አይከዳውም፤ እየጠበበ የሚሄደው ኩሬ ማዕዱ ይሆናል። በቦትስዋናው ኦካቫንጎ ውሃው ሲጎድል በመንጋ ሆኖ ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ያድናል። ሲጠግብና ዕድሜ ሲያገኝ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊረዝም ይችላል።

ታዲያ ይህ ብርቱ ዓሣ ውሃ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ከአየር የሚወስደው ኦክስጅኑን ነው፤ የተቃጠለውን አየርና የሰውነቱን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚያስወግደው አሁንም በስንጥቡ፣ ወደ ውሃው ነው። በርጥብ ሌሊት በጎን ክንፎቹ እሾህ እየተገፋ ወደ ሌላ ኩሬ ሊሻገር ይችላል፤ ቆዳው ከደረቀ ግን ያልቅለታል። እንቁላሉን የሚጥለው ወንዙ በክረምት ሲሞላ፣ ጎርፉ በሸፈነው ሣር ላይ ነው። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ቅርንጫፉ ገና አልበቀለላቸውም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደማንኛውም ዓሣ ከውሃው ብቻ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ሽንኩርት ለማጠጣት በበጋ ከወንዙ ውሃ የሚስብ ፓምፕ የመጨረሻውን ኩሬ ካሟጠጠ፣ ክረምት ሲገባ እዚያ ሣር ላይ እንቁላል የሚጥል አምባዛ አይተርፍም።