አሮጌው የብረት መጋገሪያ፤ ማን ሠራው? ምንስ ተሠራበት?

ብረት ከአላህ (ሱ.ወ) ጸጋዎች አንዱ ነው። በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሱራ፣ ሱረቱል ሐዲድ፣ መኖሩ፤ በብረት ውስጥም ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ልዩ ልዩ ጥቅም እንዳለ መገለጹ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ከእነዚህ ጥቅሞች አንዱን በየቤታችን ማዕድ ቤት በየዕለቱ እናየዋለን።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ የተለመደ አንድ የብረት ዕቃ ነው። ይህም ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በአሸዋ ቅርፅ ውስጥ ከሚፈስ ብረት የተሠራ፣ በርካታ ጉድጓዶች ያሉት የትናንሽ ዳቦና የኬክ መጋገሪያ ነው። ከ100 ዓመት በላይ የቆዩት ዛሬም ይሠራሉ። ሰብሳቢዎች ለአንዳንዶቹ ከአዲስ ዕቃ እጅግ የበለጠ ዋጋ ይከፍላሉ። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በአሮጌ ዕቃ ገበያና ሰዎች ከቤታቸው ደጃፍ በሚያወጡት ሽያጭ ላይ ያገኟቸዋል። አንዳንዱ ለቤቱ ይገዛል፤ ሌላው ገዝቶ ያተርፍበታል። ሁለቱም ግን ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርባቸዋል። ይህን ዕቃ ማን ሠራው? ምንስ ተሠራበት? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሠሪው ስም

መጋገሪያውን ገልብጠን ጀርባውን፣ ቀጥሎም እጀታውን እንመልከት። ስም ካለ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ከጥንቶቹ መካከል የቦስተኑ ናትናኤል ዋተርማን ስም ያለባቸው ይታወቃሉ። በላያቸው ላይ “ኤፕሪል 5፣ 1859” የሚል ቀን ይነበባል። ይህ ቀን የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት እንጂ ዕቃው የተሠራበት አይደለም። ያው ቀን ራስል ኤንድ ኧርዊን የተባለው ድርጅት ምልክት ባለባቸው መጋገሪያዎች ላይም ይገኛል። ስለዚህ ቀኑ የሚነግረን ዕቃው ከዚያ ቀን በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ የገነነው ግሪስዎልድ ነው። ይህ ፋብሪካ በ1865 በፔንሲልቬንያ ግዛት በኢሪ ከተማ ተመሠረተ። መጀመሪያ ይሠራ የነበረው የበር ማጠፊያ ነበር። ቀደም ባሉት ዕቃዎቹ ላይ “ኢሪ” የሚለው የከተማው ስም ብቻውን ይገኛል። በኋላ ላይ ግን በክብ ውስጥ መስቀል ያለበትና የድርጅቱን ስም የያዘው ምልክት መጣ። ፋብሪካው በ1957 ተዘጋ።

ሁለተኛው ዋግነር ነው። በ1891 በኦሃዮ ግዛት በሲድኒ ከተማ ተቋቋመ። በ1957 የግሪስዎልድ ስም የተላለፈው ለዚሁ ለዋግነር ባለቤቶች ነበር። ከዚያ በኋላ በሲድኒ የተሠሩ ዕቃዎችም የግሪስዎልድን ስም ይዘው ወጥተዋል። ስለዚህ ስሙ ብቻ ዕቃው በኢሪ ለመሠራቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቁጥርና ዓመት እንዳያታልሉን

በብረቱ ላይ የተጻፈ ዓመት ሁሉ የተሠራበት ዓመት ነው ማለት ስህተት ነው። ከላይ የዋተርማንን አይተናል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ “የዋግነር 1891 ኦሪጅናል” የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ይህ ድርጅቱ የተቋቋመበትን 100ኛ ዓመት ለማስታወስ ከ1991 ጀምሮ የተሠራ ነው። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ የማያውቅ ሰው ግን በአንድ ምዕተ ዓመት ይሳሳታል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። የግሪስዎልድ 10 ቁጥር የፖፖቨር መጋገሪያ 11 ጉድጓዶች አሉት። “10” የሞዴሉ መጠሪያ እንጂ የጉድጓዶቹ ብዛት አይደለም። ከእርሱ ሌላ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ካለ የቅርፁ መለያ ነው። ሰብሳቢዎች ስሙ ያልተጻፈበትን ዕቃ ከታወቀው ጋር የሚያዛምዱት በአብዛኛው በዚህ ቁጥር ነው።

ስም በሌለበት

ብዙ አሮጌ መጋገሪያዎች ስም የላቸውም። እነዚህን ብረቱ ራሱ ይናገርላቸዋል። ጀርባው ላይ እንደ ጠባሳ የሚታይ ቀጭንና ረጅም ጉብታ ካለ፣ የቀለጠው ብረት በዚያ በኩል ገብቷል ማለት ነው። ይህ አሠራር በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተለመደ ሲሆን በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ እየቀረ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ብረቱ የሚፈሰው በጠርዝ በኩል ሆነ፤ ምልክቱም ተሞርዶ ይጠፋል።

ማግኔት ማስጠጋትም ይጠቅማል። ብረት ማግኔት ይስባል፤ አሉሚንየም አይስብም። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱም ፋብሪካዎች በአሉሚንየምም ይሠሩ ነበር።

አስመስሎ የተሠራውን መለየት

ዋጋ ባለበት ሁሉ አስመሳይ አይጠፋም። አስመሳዩ ዋናውን ዕቃ አሸዋ ውስጥ ጨምቆ ቅርፁን ካወጣ በኋላ በዚያ ላይ አዲስ ብረት ያፈሳል። ይሁን እንጂ ብረት ሲቀዘቅዝ በመቶ አንድ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ዋናው 30 ሴንቲ ሜትር ከነበረ ቅጂው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ፊደሎቹም ይደበዝዛሉ። የጥንቱ ብረት ፊቱ ለስላሳ ሲሆን የቅጂው እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ጠርዙም በሞረድ የተቧጨረ ይመስላል። ልኬቱ ከታወቀ ዋና ዕቃ ጋር የተነጻጸረ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ምን ተሠራበት?

ለእኛ ለሙስሊሞች ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በአሜሪካ የዐሳማ ስብ የተለመደ የምግብ ቅባት ነበር። እነዚህም ብረቶች እንዳይዝጉና ሊጥ እንዳይዝባቸው በእርሱ እየታሹ በእሳት ይጠቆሩ ነበር። በጉድጓዶቹ ላይ የምናየው ጥቁር ሽፋን ለዓመታት የተጋገረ ቅባት ነው። ምን ቅባት እንደሆነ የሚነግረን የለም።

አቡ ሠዕለባ አል ኹሸኒ (ረ.ዐ) የመጽሐፉ ሰዎች በሚመገቡባቸው ዕቃዎች ስለመጠቀም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንደጠየቁ በሐዲሥ ተዘግቧል። ሌላ ዕቃ ከተገኘ እንዲተዉት፣ ካልተገኘ ግን አጥበው እንዲበሉበት ነበር የተነገራቸው። በአገራችን ብዙዎች በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የዐሳማ ነጃሳ 7 ጊዜ፣ ከእነዚህ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። በሌሎች መዝሀቦች አስተጣጠቡ ስለሚለይ ዑለሞችን መጠየቅ ይገባል።

በቅድሚያ ግን አሮጌው ሽፋን መነሣት አለበት። ለዚህም ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ይሠራል። ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ሕፃናትም መራቅ አለባቸው። አሉሚንየምን ስለሚበላ ለአሉሚንየም ዕቃ አይሆንም። ብረቱ ታጥቦ ወዲያው ከደረቀ በኋላ በአትክልት ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ተገልብጦም በ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ለ1 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይቆያል።

ከነጃሳ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች ለጥይትና ለዓሣ መንጠቆ ክብደት እርሳስ የሚባለውን ብረት የሚያቀልጡት በአሮጌ ካስት አይረን ዕቃ ነበር። ባለ ጉድጓዱ መጋገሪያ ደግሞ የቀለጠውን ለማርጋት ይመቻል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በማጠብም በእሳትም እንደጠፋ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በጉድጓዱ ውስጥ ግራጫ ቅሪት የታየበት ወይም በመመርመሪያ እርሳስ የተገኘበት ዕቃ፣ የሠሪው ስም ምንም ያህል ቢገን፣ ምግብ ሊጋገርበት አይገባም።

ሻጭ ስንሆን

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት እንዳገኙና፣ ሻጩ የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት እንደገሠጹት በሐዲሥ ተዘግቧል። የዚህ ዕቃ ነጋዴ እርጥብ እህሉ ምንድን ነው? ቅጂ መሆኑን እያወቀ ዋና ነው ማለት፣ የ1991ን ዕቃ የ1891 ነው ብሎ መሸጥ፣ ስንጥቁን በዘይት ሸፍኖ ማቅረብ፣ እርሳስ እንደቀለጠበት እያወቀ ዝም ማለት ነው። ገዢው በብዛት ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤት ይሆናል፤ ይህም የሐቀኝነትን ግዴታ አይቀንስም። እንዲያውም ስለ ኢስላም የሚያውቀው ከዚያ ሻጭ ባየው ልክ ሊሆን ይችላል።

ገዢም ሐቅ አለበት። ዋጋውን የማያውቁ አረጋዊት የቤታቸውን ዕቃ በጥቂት ሳንቲም ሲያቀርቡለት፣ ስለ ዕቃው ዋጋ ቢጠይቁት ሊዋሻቸው አይፈቀድለትም።

ዕውቀት አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) ማዕዳችንን ሐላልና ጦይብ፣ ንግዳችንንም ሐቀኛና በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።