የአራት ዓመት ተኩል ዝግጅት ለ12 ቀናት ጉዞ
የጠፈር ጣቢያን የሚገነቡ ሰዎችና መንኮራኩሮች እንዴት ይዘጋጃሉ?

ሳሃብ፣ ዮርዳኖስ — ከአማን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው የፋብሪካዎች ከተማ በሳሃብ፣ ሰማዩ በጠራበት ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወይም ከፀሐይ መውጣት በፊት ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ደማቅ ብርሃን ይታያል። እንደ ከዋክብት አይርገበገብም፤ እንደ አውሮፕላንም ቀይና አረንጓዴ መብራት የለውም። ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ታይቶ ይሰወራል። ይህ ብርሃን ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ምድር ሲጨልም እርሱ ከፍ ባለው ስፍራው ገና የፀሐይ ጨረር ስለሚያገኘው በዓይን ብቻ ሊታይ ይችላል።

ጣቢያው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ፣ በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ በ51.6 ዲግሪ የዘመመ በመሆኑ ከዮርዳኖስም ሆነ ከኢትዮጵያ ሰማይ በላይ ያልፋል። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2000 ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም።

ክብደቱ ወደ 420 ቶን የሚጠጋው ይህ ግንባታ በአንድ ሮኬት ተጭኖ ሊወጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ እንደ ቤት በክፍል በክፍል ተሠርቶ፣ ክፍሎቹ በየተራ ወደ ላይ ተልከው እዚያው ተገጣጥመዋል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1998 ሲሆን፣ በዚያ ዕለት «ዛርያ» የተባለው የመጀመሪያው ክፍል በካዛኽስታን ከሚገኘው የባይኮኑር ማስወንጨፊያ ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ኢንዴቨር» የተባለችው መንኮራኩር «ዩኒቲ» የተሰኘውን ሁለተኛ ክፍል ከአሜሪካ ይዛ ወጣች። አንዱ በሞስኮ፣ ሌላው በአላባማ ግዛት የተሠሩት ሁለቱ ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በምሕዋር ላይ ነው። በምድር ላይ ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም። የግንባታው ትልቁ ፈተና በዚህ እውነት ውስጥ ይገኛል፦ አንድ ማያያዣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም።

ይህን ዝግጅት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 የተካሄደው የ«አትላንቲስ» መንኮራኩር ጉዞ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በብሬንት ጄት አዛዥነት የሚመሩት ስድስት ጠፈርተኞች ለዚህ ተልዕኮ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 ነበር። ተግባራቸው ወደ 16 ቶን የሚመዝን የጣቢያውን አከርካሪ አካል ማድረስ፣ መግጠምና ከጫፍ እስከ ጫፍ 73 ሜትር የሚረዝሙትን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች መዘርጋት ነበር። ሰሌዳዎቹ ጣቢያው ሲጠናቀቅ ከሚያስፈልገው ኃይል ሩቡን ያህል የሚያመነጩ ነበሩ።

ነገር ግን ጉዞው ከመድረሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2003 «ኮሎምቢያ» መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ጠፈርተኞቿ ሕይወታቸውን አጡ። ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ መንኮራኩሯ በተነሣችበት ዕለት ከነዳጅ ታንኩ ላይ የተላቀቀ የአረፋ መከላከያ ቁራጭ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መትቶ ቀድዶት ነበር። በመመለሻው ጉዞ የጋለው አየር በዚያ ቀዳዳ ገባ። መንኮራኩሮቹ እስከ ሐምሌ 2005 ድረስ ከምድር አልተነሡም፤ የጣቢያው ግንባታም ቆመ። የጄት ቡድን ግን ልምምዱን አላቋረጠም። በዚህም ምክንያት በመንኮራኩሮቹ ታሪክ እጅግ ረጅም ጊዜ ከሠለጠኑት ቡድኖች ግንባር ቀደሙ ሆነ።

ሥልጠናው በአብዛኛው የተካሄደው በሂዩስተን ከተማ በሚገኝ ግዙፍ የውኃ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው 62 ሜትር ርዝመት፣ 31 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት ሲኖረው፣ ከ23 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ ይይዛል። በውስጡ የጣቢያው ክፍሎች አምሳያዎች ተተክለዋል። ጠፈርተኛው በምድር ላይ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን የጠፈር ልብስ ለብሶ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ጠላቂዎች ክብደትና ተንሳፋፊ ነገር እየጨመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳይሄድ ሚዛኑን ያስተካክሉለታል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን መፍታት፣ እያንዳንዱን ገመድ ማገናኘት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ይለማመዳል። በጠፈር ላይ ለሚሠራ አንድ ሰዓት በገንዳው ውስጥ ሰባት ሰዓት ያህል ልምምድ እንደሚያስፈልግ የሙያው ሰዎች ይናገራሉ።

ልብሱ በአየር ስለሚነፋ ጓንቱን ለመጨበጥ ብቻ ከፍተኛ ጉልበት ይጠይቃል። ሌላም ስውር አደጋ አለ። በልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት በምድር ላይ ካለው የአየር ግፊት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሰውነት ሳይዘጋጅ ወደዚህ ዝቅተኛ ግፊት ቢገባ፣ በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ ሕመምና ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ ጠፈርተኞቹ አስቀድመው ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። የ«አትላንቲስ» ሠራተኞች ከመውጣታቸው በፊት ባለው ሌሊት ግፊቱ በተቀነሰበት መውጫ ክፍል ውስጥ ተዘግተው አደሩ፤ ይህ ዘዴ በሥራ ላይ የዋለው በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መንኮራኩሯን ማዘጋጀትም የራሱ ትዕግሥት ነበረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2006 በፍሎሪዳ የማስወንጨፊያውን ስፍራ መብረቅ መታው፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ እንደገና ተፈተሹ። ቀጥሎ «ኤርኔስቶ» የተባለ ማዕበል በመቃረቡ መንኮራኩሯ ወደ መጠለያዋ መመለስ ጀመረች፤ የማዕበሉ ትንበያ ሲሻሻል ግን መንገድ ላይ እያለች ወደ ማስወንጨፊያው እንድትዞር ተወሰነ። ከዚያም የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያመነጭ ክፍሏ ላይ፣ ቀጥሎም በነዳጅ መጠን ጠቋሚ ላይ እክል ተገኘ። መስከረም 8 ቀን ጠፈርተኞቹ ለመነሣት ተዘጋጅተው ሳለ ጉዞው አንድ ቀን ተራዘመ። በማግሥቱ መስከረም 9 በሰላም ተነሡ።

ከኮሎምቢያ አደጋ የተገኘው ትምህርት ወዲያው በሥራ ላይ ዋለ፦ በሁለተኛው ቀን የመንኮራኩሯ ክንፎች በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ በተተከሉ ካሜራዎችና በሌዘር ተመረመሩ። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ሲዘረጉም ሌላ የቀድሞ ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ተመሳሳይ ሰሌዳዎች ሲዘረጉ እጥፋቶቹ ተጣብቀው በድንገት በመላቀቃቸው የመወጠሪያ ገመዶች ከቦታቸው ወጥተው ነበር። በዚያ ጉዞ የተሳተፈው ጆ ታነር በዚህኛውም ነበረ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳዎቹ እስከ ግማሽ ተዘርግተው ፀሐይ እስክታሞቃቸው ተጠበቀ፤ ከዚያ ቀሪው በዝግታ ተዘረጋ። ሥራው ተሳካ፤ ቡድኑም መስከረም 21 ቀን ወደ ምድር ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በጣቢያው ላይ የአካባቢው ሰዎችም አሻራቸውን አሳርፈዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ኤምሬታዊው ሀዛ አል መንሱሪ ወደ ጣቢያው የደረሰ የመጀመሪያው ዐረብ ሆነ። ከእርሱ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4 ሺህ 22 አመልካቾች መካከል የተመረጠው ሱልጣን አል ነያዲ ደግሞ በመጋቢት 2023 ተነሥቶ ስድስት ወር ያህል በጣቢያው ቆየ። ሚያዝያ 28 ቀን 2023፣ ኢድ አልፈጥር ካለፈ ሳምንት ያህል በኋላ፣ ከአሜሪካዊው ስቲቨን ቦወን ጋር ከጣቢያው ውጭ ሰባት ሰዓት ሠራ። በጠፈር ላይ ከመንኮራኩር ወይም ከጣቢያ ወጥቶ የሠራ የመጀመሪያው ዐረብ ነው። ሥራው ለአዳዲስ የፀሐይ ሰሌዳዎች የሚሆኑ የኃይል ገመዶችን መዘርጋት ነበር። ሊያነሡት የታቀደ አንድ የመገናኛ መሣሪያ ግን ከተያያዘበት አልላቀቅ ስላላቸው ለሌላ ጊዜ ተውት። በዚህ ሙያ ሥራን በሰዓቱ ማቆምም የሥልጠናው አካል ነው።

ለሙስሊም ጠፈርተኛ ዝግጅቱ መንፈሳዊ ጥያቄንም ይጨምራል። በየ90 ደቂቃው ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ስፍራ አምስቱ የሶላት ወቅቶች እንዴት ይለያሉ? ማሌዥያዊው ሐኪም ሼክ ሙዛፋር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በረመዷን ወር ወደ ጣቢያው ሲሄድ፣ የአገሩ ዑለማዎች መመሪያ አዘጋጅተው ነበር። በዚህም መሠረት የሶላት ሰዓት ጉዞው በተጀመረበት ስፍራ ሰዓት ይቆጠራል፤ ቂብላው እንደ ተቻለ ወደ ካዕባ፣ ካልሆነም ወደ ምድር አቅጣጫ ይሆናል፤ ጾሙንም ተመልሶ መክፈል ይችላል። አል ነያዲም ከጉዞው በፊት ሲጠየቅ፣ ጠፈርተኛ መንገደኛ በመሆኑ ጾም ግዴታ እንደማይሆንበት አስረድቷል።

ዮርዳኖስም ከጠፈር ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ንጉሥ ሁሴን የሬዲዮ ግንኙነት ወዳጅ ነበሩ፤ መጠሪያቸውም «ጄ ዋይ ዋን» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በመንኮራኩር ላይ ከነበረው ጠፈርተኛ ኦወን ጋሪዮት ጋር በሬዲዮ ተነጋግረዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ወደ ምሕዋር የወጣችው የዮርዳኖስ የመጀመሪያ ሳተላይት በዚሁ መጠሪያ ተሰየመች። ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነችውን ይህችን ሳተላይት ያዘጋጁት የአገሪቱ ወጣት ተማሪዎች ናቸው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019፣ ኢትዮጵያም የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አስወነጨፈች።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው በቀላሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ የተለካ ብሎን፣ የተፈተሸ ገመድ፣ ጥርጣሬ ሲኖር ሥራውን «አቁሙ» የሚል ድምፅ። የ«አትላንቲስ» ጉዞ በመብረቅ፣ በማዕበልና በአንድ ጠቋሚ ምክንያት ሁለት ሳምንት ያህል ዘገየ። ስድስቱ ሰዎች ግን ሁሉም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።