«በጥጋባቸው ጠፉ» የተባሉት የኢፋት ነገሥታት

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ከአፋር ግመል ነድተው የሚመጡ ሽማግሌዎችን ስለ ድሮ ፍርስራሽ ብትጠይቁ «የሐርላ ነው» ይሏችኋል። እኔም ያደግሁት ይህን እየሰማሁ ነው። ሐርላ የተባሉ የጥንት ሰዎች ሀብት በዛላቸው፣ ጠገቡ፣ ፈጣሪን ረሱ፤ ዝናብ ተከለከሉና ከተማቸው ወና ሆነ ይባላል። እርግማኑ እንዳይተርፈን ልጆች ወደ ፍርስራሽ እንዳንጠጋ እንመከር ነበር።

ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይህ ወሬ ያሳስበኛል፤ ባለቤታቸው የታወቀ ፍርስራሾች አሉና። ከኛ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በአጣዬ አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ፣ በዚያ ዙሪያ ባለው የአርጎባ ተረተር ላይ የኢፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፈርሰው ይገኛሉ፤ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ እነፎቬልና ኢርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው አጥንተዋቸዋል። ኖራ መስጊድ ጣሪያው የለም፤ ግድግዳው ግን አሁንም ከሰው ቁመት በላይ ነው። ኢማሙ የሚቆምበት ሚህራብ ወደ መካ፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ እንደዞረ አለ። የቤቶቹ መሠረትና የመቃብሩ ድንጋይ በቁጥቋጦ መሐል ተበትኗል።

የዚህ አገር «ጥጋበኛ ንጉሥ» ሰብረዲን ነው። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ አደርጋለሁ፣ በየአገሩ ሹም እሾማለሁ፣ በንጉሡ ከተማም ጫት እተክላለሁ ብሎ ፎከረ። ስለ ጫት የሚናገሩ ጽሑፎች ሲቆጠሩ ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ1324 ዓ.ም. ዓምደ ጽዮን ዘመተበት፤ ኢፋት ተዘረፈ፣ ሰብረዲን እጁን ሰጥቶ ታሰረ፣ በቦታው ወንድሙ ጀማለዲን ተሾመ። ትዕቢቱን የጻፈልን እንግዲህ የአሸናፊው ጸሐፊ ነው። ተሸናፊው ስለ ራሱ ምን ብሎ እንደነበር በዚያ መጽሐፍ አናገኝም።

በዚያው ዘመን የጻፈው የዐረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ሌላ ኢፋት ያሳየናል፤ 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ ያለው፣ ለምለም አገር። ኃይሉ ከመንገዱ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚወጣው ጨርቅና ከደጋ የሚወርደው ሸቀጥ በዚህ ተረተር ያልፍ ነበር። ቆላና ደጋ የሚገናኝበት ገበያ ምን እንደሚያበላ እኛ ባቲዎች እናውቃለን፤ የአፋር አሞሌ ከደጋ እህል ጋር ሲለዋወጥ እያየን አድገናል። እንዲህ ያለ ከተማ የሚሞተው ጦርነት ሲደጋገምበትና ነጋዴው ሌላ መንገድ ሲይዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢፋትንም ያገኘው ይኸው ይመስለኛል። እርግማን ማለታችን የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው። የተረገመ ድንጋይ ባለቤት የለውም፤ ማንም አንስቶ ለአጥር ቢወስደው የሚጠይቀው አይኖርም። እነዚያን መቃብሮች የሠሩ ሰዎች ግን በዐረብኛ ስማቸውን አስቀርጸው ነበር።

ደግሞስ መች ጠፉና? ወላስማ የሚባለው የኢፋት ገዢ ቤተሰብ ከሽንፈቱ በኋላም አላረፈም። ሐቀዲንና ሰዓደዲን ተዋግተው ሞቱ፤ የሰዓደዲን ልጆች ወደ የመን ተሰደው ተመለሱ፣ ምሥራቅ ላይም አዳልን አጠናከሩ። በፈረንጆቹ 1520 ከዚሁ ዘር የሆነው ሱልጣን አቡበከር የአዳልን መዲና ወደ ሐረር አዛወረ።