የገዳሪፍ ሐሩርና የእንስሳት ማደሪያ

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ በጭልጋና በሸኸዲ በኩል መተማ ዮሐንስን አልፎ፣ በሱዳን ድንበር በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 600 ሜትር ግድም ስለሚወርድ፣ መንገደኛው በአንድ ቀን ጉዞ ከአንዱ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ጉዞው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሆነ እንደ ሆነም፣ በቀትር 40 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ ሐሩር ይቀበለዋል። ይህ የቆላ ምድር ሰሊጥና ማሽላ የሚታፈስበት፣ ቡጣና የተባለው የሱዳን የከብት ዘርና ግመል የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በሱዳን ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ስለ ተሰደደ፣ እንቁላልና ወተት በዚያው በቆላው የሚመረትበትን ዘዴ መመርመር ዛሬ የምግብ ጉዳይ ሆኗል።

ሕያው ፍጥረት ሁሉ የበላውን ወደ ኃይል ሲለውጥ ሙቀት ያፈልቃል፤ ያንን ሙቀት ማስወጣት የተሳነው እንደ ሆነ ይታመማል፣ ይሞታልም። ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም፤ አየሩ 30 ዲግሪን ሲያልፍ 41 ዲግሪ ግድም የሆነውን የሰውነቷን ሙቀት ለመጠበቅ ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መብሏንም ትቀንሳለች። ከማለክለኳ ብዛት የተነሣ የካርቦን አየር ከደሟ ስለሚጎድል፣ የእንቁላሉ ቅርፊት የሚሠራበት ንጥረ ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ በሐሩር ወራት የተጣለው እንቁላል ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ከመሰብሰቡ በፊት ይሰነጠቃል። የቡጣና ላም ጠጉሯ አጭር ቆዳዋም ሰፊ በመሆኑ ጥላና ውሃ ካገኘች ሐሩሩን ትታገሠዋለች፤ ከፈረንጅ ዘር የተዳቀለችው ላም ግን ወተቷ በበዛ መጠን ከሰውነቷ የሚፈልቀው ሙቀት ስለሚበረታ በቶሎ ትደክማለች። እንግዲህ የማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚያሻቸው በተለይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ድቅል የወተት ላሞች ናቸው።

ከመሣሪያው ሁሉ አስቀድሞ ግን ሕንፃው ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ የተሠራ እንደ ሆነ፣ የጧትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው አጭሩን ግድግዳ ብቻ ነው፤ የጣራው ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ንጣፍ ሲደረግለት፣ የቀትሩ ቃጠሎ ወደ መንጋው እምብዛም አይወርድም። ለዚህ የወጣው ገንዘብ በአመዛኙ አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን፣ ጣራው ያላስገባውን ሙቀት ለማውጣት ዕለት ዕለት ኤሌክትሪክ መግዛት አያስፈልግም።

ከሕንፃው ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው። በሱዳን መንደሮች ለአላፊ አግዳሚ በጥላ ሥር የሚቀመጠው ዚር የተባለው የሸክላ ጋን ውሃውን የሚያቀዘቅዘው፣ በሸክላው ቀዳዳ የሚወጣው ርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ዘመናዊው የዶሮ ቤትም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በቤቱ አንድ ጫፍ ቀዳዳ የበዛበት ወፍራም የካርቶን ግድግዳ ይቆማል፤ ከላይ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ በሌላው ጫፍ ያሉት ትልልቅ ቬንቲሌተሮችም የውጭውን አየር በዚህ እርጥብ ግድግዳ በኩል ይስባሉ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የኪሎዋት ሰዓትን ሁለት ሦስተኛ የሚያህል ሙቀት ከአየሩ ይወስዳል፤ በሚያዝያ ቀትር ርጥበቱ ከመቶ 20 የሆነው የ40 ዲግሪ አየርም በዚህ መንገድ ሲገባ ወደ 26 ዲግሪ ግድም ሊወርድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ክረምት ገብቶ አየሩ በርጥበት ሲሞላ ነገሩ ይለወጣል። የ30 ዲግሪ አየር ርጥበቱ ከመቶ 80 ከሆነ፣ ያው እርጥብ ግድግዳ የሚያበርደው ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ የሚጨምረው ርጥበት ግን ዶሮዋ በማለክለክ የምታስወጣውን ሙቀት መልሶ ያፍንባታል፣ የወለሉንም ጉዝጓዝ ያረጥባል። ስለዚህ ፓምፑ የሚሠራበትንና የሚያርፍበትን ሰዓት የሚለይ አስተዋይ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የተባለውም ለዚህ ተሠራ። በዶሮዎቹ ቁመት ልክ የተሰቀሉ መለኪያዎች ሙቀቱን፣ ርጥበቱንና ከኩሱ የሚነሣውን የአሞኒያ ሽታ እየለኩ ይነግሩታል፤ እርሱም አንድ ቬንቲሌተር ይበቃ እንደ ሆነ አንዱን፣ ካልበቃም ሁለተኛውን ያስነሣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ውሃውን ይለቃል። በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ለጫጩቶች የሚያስፈልገውን የ32 ወይም የ33 ዲግሪ ሙቀት ይጠብቃል፤ ጫጩቶቹ ባደጉ መጠንም በየሳምንቱ ይቀንሰዋል።

የኃይሉ ቁጠባ የሚገኘው በዚህ ማስተዋል ነው። የቬንቲሌተር ፍጥነት ከመቶ ወደ ሰማንያ በመቶ ዝቅ ሲል የሚበላው ኃይል በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ መጠን የሚያዝ መቆጣጠሪያ ቀኑን ሁሉ በሙሉ ኃይል ከሚሽከረከረው እጅግ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ፀሐይም በዚህ ሥራ ረዳት ናት፤ ማቀዝቀዣው አብዝቶ የሚፈለግበት ቀትር የፀሐይ ሰሌዳዎች አብዝተው የሚሰጡበት ሰዓት ነውና። ከፀሐይ ሌላ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው የ230 ኪሎቮልት መስመርም ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል ገዳሪፍ ይገባል።

ስለ አደጋው ዝም ማለት ግን ኃጢአት ነው። ዙሪያውን በተዘጋ ቤት ውስጥ በሐሩር ቀን መብራት የጠፋ እንደ ሆነ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ዶሮዎች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ታፍነው ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጄኔሬተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮኽ ደወልና ኃይል ሲቋረጥ በራሱ ክብደት የሚወርድ የጎን መጋረጃ የሌለው የተዘጋ ቤት ከቶ መሠራት የለበትም።

መጽሐፍ ለእንስሳ መራራትን ከጻድቅ ሰው ምግባር ይቈጥረዋልና፣ በቆላ እንስሳ የሚያረባ ሁሉ ጥላና ንጹሕ ውሃ ይገባቸዋል ብሎ ይጀምር። ጥቂት ዶሮ ያለው ገበሬ ጣራውን ያቅና፣ ዛፍ ይትከል፣ የቤቱን ጎኖች ለነፋስ ይክፈት፤ ይህ ለእርሱ ይበቃዋል። ብዙ ሺህ ዶሮ የሚያረባ ማኅበር ወይም ባለሀብት ግን ገንዘቡን አስቀድሞ በሕንፃው፣ ቀጥሎም በውሃና በነፋስ፣ በመጨረሻም በመቆጣጠሪያው ላይ ያውል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ክፉ ጣራ ባለው ቤት ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚያስገባ ሰው፣ ሕንፃው በነጻ ሊሠራለት የሚችለውን ሥራ በየወሩ ለመብራት ሲከፍል ይኖራል።