ከእጅ ወደ እጅ፦ የአራዳ መጽሐፍ ወዳጆች

የመጽሐፍ ወዳጆች ስብስብ አንድን መጽሐፍ በየቤታቸው አንብበው ስለ እሱ ለመነጋገር፣ ወይም ያላቸውን እየተዋዋሱ ለማንበብ የተስማሙ ሰዎች ኅብረት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የንባብ ክበብ፣ የመጻሕፍት ውይይት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ በሚሉ ስሞች ይታወቃል። አሠራሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ቢለያይም ሁሉም የበቀሉት ከአንድ መሬት ነው። በዚህ ከተማ የመጽሐፍ ቅጂ ከአንባቢው ቁጥር ሁልጊዜ ሲያንስ ኖሯል። አንድ ቅጂ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ መደርደሪያ ላይ የሚያርፍበት ኑሮ ለብዙው ሰው አልነበረም። ስለዚህ መጽሐፉ ይዞራል፤ የዞረባቸው ሰዎችም ይተዋወቃሉ።

ልማዱ ከከተማዋ ይቀድማል። በቤተ ክህነት ትምህርት ከፍተኛው ደረጃ በሆነው መጽሐፍ ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጽሐፈ መነኮሳት የሚተረጎሙት በጉባኤ ነው። ብራና ውድ ነው፤ አንዱን መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግ ወይም ፍየል ቆዳ ይፈጃል። መምህሩ ጉባኤ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩም ትርጓሜውን ያወርዳል። «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ይደረድርለታል፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽረውም። ዛሬ በአዳራሽ ውስጥ ሁለት ተናጋሪዎች ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ተናግረው ሁለቱም ሲደመጡ፣ ያ የ«አንድም» ባህል ከጀርባ ቆሞ ይታያል።

በአሮጌው የአዲስ አበባ መሐል፣ በአራዳ፣ የታተመ ጽሑፍ ታሪክም የሚጀምረው ጥቂት ቅጂን ለብዙ ሰው በማዳረስ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነጋዴ በአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ። ስሙን «አእምሮ» ያሉት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ የሚወጣው 24 ቅጂ ብቻ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም እዚያው አራዳ፣ ፒያሳ ውስጥ፣ ፈረንሳይኛ አስተማረ፣ መጻሕፍትንም አስነበበ። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት፣ በኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው፣ ሥራውን ሲጀምር የአማርኛ መጽሐፍ ከቤተ መንግሥትና ከደብር ወጥቶ ወደ ሱቅ የሚገባበት በር ተከፈተ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ይህ ቤት የብዙ ስብስቦች አዳራሽ ይሆናል።

ውቤ በረሃ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ይህ የፒያሳ አካባቢ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ ነው። በኋላ ዘመን ግን ስሙን ያስጠራው የሌሊት ሕይወቱ ሆነ፤ መሸታ ቤቱ፣ ሙዚቃው፣ ሴቶቹና ሲነጋ ወደየቤቱ የሚበተነው ወጣት። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ፈረንሳይ አገር ሳለ የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» የዚህ ሠፈር ሌሊት ነው። በግልጽነቱ ምክንያት ታትሞ በይፋ ለአንባቢ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አንባቢ ዘንድ ግን ውቤ በረሃ የመጠጥ ሠፈር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በልብ ወለድ ውስጥ ገብቶ የከተማዋ የሥነ ጽሑፍ አድራሻ ሆነ፤ ፒያሳን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ የጎንደር ወይም የደሴ አንባቢ እንኳ መንገዱን በሐሳቡ ይሄድበታል።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ለተማሪው ትልቅ ጸጋ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው አንባቢ መጽሐፍ ያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከአከራይና ከአዟሪ ነው። መጽሐፍ አከራዩ ጠባብ ሱቅ ይዞ ይቀመጣል። ተከራዩ መያዣ ያስቀምጣል፣ የቀን ሒሳብ ይከፍላል፣ አንብቦ ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል። ቀን በጨመረ ቁጥር ሒሳቡ ስለሚጨምር ልብ ወለድ በአንድ ሌሊት የመጨረስ ልማድ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ወፍራሙን መጽሐፍ ወንድምና እህት ተራ ገብተው፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተቀበለ ያነቡታል። የኪራይ መጽሐፍ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሽፋኑ በጋዜጣ ወይም በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጧል፣ የተቀደደው ገጽ በፕላስተር ተይዟል፣ በኅዳጉ ላይ ከዚህ በፊት ያነበበው ሰው አስተያየቱን ጭሮበታል። አንዳንዴም ሁለተኛው አንባቢ ከመጀመሪያው ጋር ይከራከርበታል። ሳይተያዩ የተነጋገሩ አንባቢዎች ስብስብ ከተባሉ፣ የኅዳግ ጽሑፉ የስብስቡ ቃለ ጉባኤ ነው።

አዟሪው ደግሞ መጻሕፍቱን በክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ ከካፌ ካፌ ይዞራል። ደንበኞቹን በስም ያውቃል፤ ማን ታሪክ እንደሚወድ፣ ማን ግጥም እንደሚጠይቅ ይለያል። የጠፋ መጽሐፍ የፈለገ ሰው ለአዟሪው ነግሮ ይጠብቃል፤ ሰውየውም ሌሎች አዟሪዎችንና አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ጠይቆ ያመጣለታል። በዚህ ከተማ የመጽሐፍ ማውጫ ሆኖ ያገለገለው የእነዚህ ሰዎች ጭንቅላት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ውለታቸው ግን እምብዛም አልተጻፈም።

መጽሐፍን በጋራ የመያዝ ነገር የድሃ አገር መላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1731 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በፊላዴልፊያ 50 ሰው ሰብስበው፣ እያንዳንዱ 40 ሽልንግ አዋጥቶ፣ የጋራ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ዕቁብ ትዝ ይለዋል፤ መዋጮው አንድ ነው፣ ተራው አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሚደርሰው ዕጣ ገንዘብ ሳይሆን መጽሐፍ መሆኑ ነው።

በአገራችን የመጽሐፍ እጥረቱ በዋጋ ብቻ የመጣ አልነበረም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከገበያ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ከእገዳው ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ ከታተመበት ዋጋ እጅግ በላቀ ገንዘብ ይሸጡ ጀመር። ባለቤቱ ለሚያምነው ሰው ብቻ፣ ለተቆጠረ ሌሊት ያውሳል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ መዋስ የመተማመን ፈተና ነበር፤ ተዋሽ ስለ መጽሐፉ ለሌላ ሰው ቢያወራ አዋሹ ሊታሰር ይችል ነበር። ዛሬ «ኦሮማይ» በየመደብሩ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ያኔ በሻማ ያነበቡት ሰዎች ግን መጽሐፉን ሲያነሱ ከታሪኩ በፊት የሚያስታውሱት ማን እንዳዋሳቸው ነው።

ትልቁን ስብስብ የፈጠረው ሬዲዮ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ላይ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ጭምር የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት። አንድ ሬዲዮ ባለበት ግቢ ብዙ ሰው ይሰበሰባል፤ ክፍሉ ሲያልቅ ቡና ላይ ክርክሩ ይቀጥላል። ይህ ትረካ ያነበበውንና ያዳመጠውን ሰው በአንድ ረድፍ አስቀመጠ። በኋላ የመጡት የመጽሐፍ ትረካዎችና በስልክ የሚደመጡ መጻሕፍት የቆሙት በዚህ ጆሮ ላይ ነው።

በአዳራሽ የሚደረገው ውይይት የራሱ ሥርዓት አለው። ለረጅም ጊዜ ከታወቁት አንዱ ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በወመዘክር አዳራሽ በየ15 ቀኑ እሑድ ከሰዓት ያካሄደው ነው። በእንዲህ ያለው መድረክ መጽሐፉ ቀደም ብሎ ይነገራል። በዕለቱ የመነሻ ሐሳብ አቅራቢው፣ ብዙ ጊዜ መምህር፣ ሐያሲ ወይም በመጽሐፉ ጉዳይ ላይ የሠራ ባለሙያ፣ መጽሐፉን ያስተዋውቃል፤ አወቃቀሩን፣ ጥንካሬውን፣ ጎደለ ያለውን ይናገራል። ቀጥሎ መድረኩ ለተሰብሳቢው ይለቀቃል። ደራሲው ከተገኘ በመጨረሻ ይናገራል፤ ይህ ብልህ ልማድ ነው፣ አንባቢው ደራሲው ምን ሊል እንደፈለገ ሳይሰማ የራሱን ንባብ እንዲያቀርብ ዕድል ይሰጠዋልና። የውይይቱ ጣዕም የሚወሰነው ስንት ሰው መጽሐፉን በእርግጥ አንብቦ መጥቷል በሚለው ነው። ያላነበቡ ሰዎች ሲበዙ ንግግሩ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ፖለቲካና ወደ ደራሲው የግል ሕይወት ይሸሻል። ያነበቡት ሲበዙ «እስቲ ያን ገጽ እንመልከተው» የሚል ሰው ይነሣል፣ ገጹ ይገለጣል፣ አዳራሹም ጸጥ ይላል።

የስልኩ ስብስብ ከዚህ ሁሉ የተወረሰ ነው። አስተዳዳሪው ወይም አባላቱ በድምፅ አንድ መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ለሳምንት የሚነበበው ምዕራፍ ይከፈላል፣ በተቀጠረው ምሽት በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይወያያሉ። መጨረሻውን ቀድሞ መናገር ነውር ነው። አዲስ አበባ ያለው ከሥራ ሲመለስ፣ ዋሽንግተን ያለው ገና በቀን ይገባሉ። የተሰደደ ሰው አማርኛ መጽሐፍ የሚያገኝበት፣ ስላነበበውም በአማርኛ የሚናገርበት ቦታ ይህ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ግሩፑ የአገር ያህል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከፒዲኤፍ ነው። የድሮው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰጪው እጁ ባዶ ይሆናል፤ በስልክ የሚላከው ግን ሺህ ሰው ጋ ደርሶም ላኪው ጋ ይቀራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ መጽሐፎቻቸው ገና ለአሥርት ዓመታት በጥበቃ ሥር ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1938 በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች፣ እንዲሁም በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ይህ ዘመን አልፏቸዋል። ደንበኛ የሆነ ግሩፕ ይህን ለይቶ ያውቃል፤ በጥበቃ ሥር ያለ ሥራ የሚልክ አባል ካለ ያነሣበታል፣ መጽሐፉ የሚሸጥበትን መደብርም ይጠቁማል። መጽሐፍ ወዳጅ ነኝ እያሉ የደራሲውን እንጀራ መንጠቅ አብሮ አይሄድም። በሺህ የሚቆጠር ቅጂ እንኳ ለመሸጥ ዓመታት በሚፈጅበት ገበያ፣ አንድ የተሰረቀ ፋይል ሁለተኛውን እትም ሊያስቀር ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩ ሰዎች ሲራራቁ የተበተነው የሰው ኑሮ ብቻ አልነበረም፤ ማን ምን መጽሐፍ እንዳለው፣ የማን ልጅ ማንበብ እንደሚወድ የሚያውቀው የጉርብትና እውቀትም አብሮ ተበተነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቆ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አንባቢ የሚያስተናግድ ቦታ ተከፍቷል። የቀድሞ የፒያሳ ሰዎች አሁን ሊገናኙ ቢፈልጉ መቀጣጠሪያው እዚያ፣ ወይም ወመዘክር፣ ወይም ስልካቸው ውስጥ ነው።

ወደ እንዲህ ያለ ስብስብ መግባት ከባድ አይደለም። የአዳራሽ ውይይት አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው፤ ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ በመጽሐፍ መደብር ግድግዳና በቴሌግራም ይወጣል። ወደ ስልክ ግሩፕ የሚገባው በአባል ጥቆማ ወይም በሊንክ ነው። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ማንም አይታዘበውም። ቀጣዩን መጽሐፍ ጠይቆ መግዛት ወይም መዋስ፣ አንብቦ ያልገባውን ወይም የነካውን ገጽ ምልክት አድርጎ መምጣት ይበቃዋል። ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው የተዘጋጀ ንግግር ይዞ ከመጣው ይልቅ ውይይቱን ያግዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተሳተፈ በኋላ «የሚቀጥለውን መነሻ ሐሳብ አንተ ብታቀርብ?» መባሉ አይቀርም። ያኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ በዕለቱም ቀደም ብሎ ደርሶ ከፊት ወንበር ይቀመጣል።