በረኪና ከአቼቶ ጋር አይቀላቀልም! የምንጣፍ እድፍ ሳንባችንን ሳይጎዳ እንዴት ይለቃል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም፤ ስለ ምንጣፍ ነው። «ዶክተር፣ ሙያ ቀየርክ እንዴ?» እንዳትሉኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ሳለ አንዲት ልጅ በሰው ተደግፋ ገባች። ዕድሜዋ ሃያ አይሞላም። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ሳሉ ትንፋሽ አላስወስድ ብሏታል። አስም አለብሽ? የለብኝም። ጉንፋን ይዞሽ ነበር? አልያዘኝም። ይዘዋት የመጡት የምትሠራበት ቤት ባለቤት ናቸው። «ቤት እያጸዳች ነበር» ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ።

«የኔ እህት፣ ምን ከምን ጋር ቀላቀልሽ?»

«በረኪና… እና አቼቶ። ምንጣፉ ላይ ወጥ ፈሶ አልለቅ ብሎኝ ነው። እንግዳ ሳይመጣ፣ እትዬም ሳያዩት ብዬ…»

እትዬዋ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ውይ ልጄን! ምንጣፉ ገደል ይግባ!» አሉ።

ኦክስጅን ሰጠናት፣ ዓይኗን በብዙ ውሃ አጠብንላት፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት በትንፋሽ ሰጥተን አሳድረን ተከታተልናት። በማግስቱ ደህና ሆና ወጣች። ግን ሁሉም እንደሷ ዕድለኛ አይደለም።

በነገራችን ላይ እሷ ላይ አልፈርድም። እኔም የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁት ቤት ምንጣፍ ላይ ቡና ደፍቼ በረኪና አፍስሼበታለሁ። ቡናው ለቀቀ፤ የምንጣፉ ቀለምም አብሮ ለቀቀ። ቡናማ እድፍ አጥፍቼ ነጭ እድፍ ሠራሁ። የአከራዬ ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

ሲቀላቀሉ ምን ይፈጠራል?

በረኪና ውስጥ ያለው ዋናው ኬሚካል ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። ይሄ ነገር አሲድነት ካለው ነገር ጋር ሲገናኝ፣ ማለትም ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አካባቢ ለጦር መሣሪያነት የዋለው ይሄው ጋዝ ነው። መጠኑ አይገናኝም፣ ጋዙ ግን ያው ነው። እርጥበት ካለበት የሰውነት ክፍል፣ ማለትም ከዓይን፣ ከጉሮሮና ከሳንባ ጋር ሲገናኝ ወደ አሲድነት ተቀይሮ ያቃጥላል።

ምንጣፍ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለሉ አካባቢ ይተኛል። ምንጣፍ የሚፈትግ ሰው ደግሞ ተንበርክኮ፣ ፊቱን አስጠግቶ ነው የሚሠራው። እዚያው ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለም አፍንጫው ያለው ጋዙ የተኛበት ከፍታ ላይ ነው።

ሌላም አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አሞኒያ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ አለ። ሽንት ውስጥም አለ! ስለዚህ ልጅ ሽንቱን የሸናበት ምንጣፍ ላይ በረኪና ማፍሰስ አይሆንም። ከአልኮልና ከሳኒታይዘር ጋርም እንዲሁ አይቀላቀልም።

ሕጉ አጭር ነው፦ በረኪና ከውሃ በስተቀር ጓደኛ የለውም። «አንድ ላይ አልቀላቀልኩም፣ መጀመሪያ አቼቶ፣ አልለቅ ሲል ነው በረኪና የደገምኩት» ማለትም አያድንም። ምንጣፉ አቼቶውን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ያው መቀላቀል ነው።

ደግሞስ በረኪና ለምንጣፍ ይጠቅማል? አይጠቅምም። ቀለም ይመጣል፤ ሱፍ ከሆነ ደግሞ ክሩን ራሱን ይበላዋል።

እሺ፣ ታዲያ እድፉን በምን እናስለቅቅ?

መጀመሪያ ለሁሉም እድፍ የሚሠሩ አራት ነገሮች፦

1. ፍጠኑ። እድፍ ከደረቀ በኋላ ነው ችኮ የሚሆነው።
2. አትፈትጉ፣ ጫን እያላችሁ ምጠጡ። ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ተጠቀሙ፤ ቀለም ያለው ጨርቅ ራሱ ይለቅባችኋል። ከዳር ወደ መሃል ሥሩ፤ ከመሃል ወደ ዳር ከሆነ እድፉን እያሰፋችሁት ነው።
3. የምትጠቀሙትን ነገር መጀመሪያ ሶፋ ሥር በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት።
4. አንድ በአንድ። አንዱን ሞክራችሁ ካልሠራ፣ በውሃ በደንብ አጥባችሁና መጥጣችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፣ ልጆች ሌላ ክፍል ይሁኑ።

አሁን ወደየዓይነቱ፦

ቡናና ሻይ፦ ቶሎ ምጠጡት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አድርጋችሁ በጨርቅ ነካ ነካ አድርጉ። ካልለቀቀ አጥባችሁ፣ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሞክሩ። አቼቶ ብቻውን ችግር የለበትም፤ ችግሩ ከበረኪና ጋር ሲጋባ ነው።

ዶሮ ወጥና ቅባት ያለው ነገር፦ ይሄ ዋናው ጠላታችን ነው፤ የበርበሬው ቀለም ዘይቱና ቅቤው ውስጥ ሟሙቶ ነው ክሩ ውስጥ የሚገባው። ውሃ ብቻውን ቅባት አያነሳም። ወፍራሙን በማንኪያ አንሱ፣ ዱቄት ወይም ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበትና ቅባቱን እስኪመጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ዱቄቱን አንስታችሁ በሳሙናው ውሃ ጨርሱት። አንዴ ካልለቀቀ ድገሙት እንጂ ኬሚካል አትጨምሩ። እርድ ከሆነ ግን ምናልባት ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ እውነቱን ተቀበሉ።

ደም፦ የልጅ ነስርም ይሁን የቢላ ጉዳት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ልክ እንቁላል እንደሚበስለው ያረጋውና ክሩ ላይ ያጣብቀዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደም ላይ አረፋ እያወጣ ይሠራል፤ ቀለም ሊያነሳ ስለሚችል ግን ደማቅ ምንጣፍና ሱፍ ላይ አልመክርም። የሌላ ሰው ደም ከሆነ ጓንት ግዴታ ነው።

ሽንትና ትውከት፦ ጓንት አድርጋችሁ ወፍራሙን አንሱ፣ ፈሳሹን ምጠጡ፣ በሳሙና ውሃ እጠቡ፤ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩት፤ ሽታውን ይወስዳል። ልጁ ተቅማጥና ትውከት ካለበት ደግሞ ከምንጣፉ በፊት ፈሳሽ መተካቱን አስቡ፤ ኦአርኤስ ስጡት። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አዮዲን (ቁስል የሚጠረግበት ቡናማ መድኃኒት)፦ ይሄ የኔ ሰፈር ነው። የቫይታሚን ሲ ኪኒን ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጡና ቀቡት። ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው መልክ ይቀይረዋል፤ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል።

ላምባና ቤንዚን ግን በፍጹም! እድፍ ሊያነሱ ይችላሉ፤ ግን ትነታቸው ራስ ያዞራል፣ ቤት ውስጥ ከሰልና ሻማ እየነደደ ደግሞ እሳት ነው።

ሲያልቅ አድርቁት

ምንጣፍ ረጥቦ መቆየት የለበትም። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ከሆነ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታ ደግሞ አስምና አለርጂ ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። ብትችሉ አውጥታችሁ ፀሐይና አየር ላይ ስጡት፣ ካልሆነ መስኮት ከፍታችሁ አድርቁ። ምንጣፍ ሲራገፍም አስም ያለበት ሰው ቦታው ላይ ባይኖር ይመረጣል።

ጋዙን የተነፈሰ ሰው ካለ

- ወዲያው ከክፍሉ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። «ይቺን ልጨርስ» የለም። ድብልቁን ለማጽዳትም አትመለሱ፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሽታው እስኪጠፋ ማንም አይግባ።
- ዓይን ካቃጠለ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱ ይውለቅ፣ ቆዳው ይታጠብ።
- የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መጨነቅ፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ ቀጥታ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የእሳት አደጋ 939 ነው።
- መጀመሪያ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ የሚብስበት ሰው አለ። ስለዚህ ሰውዬውን ብቻውን አታስተኙት። አስም ያለባቸው፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ምልክታቸው ቀላል ቢሆንም ይታዩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም፤ ትልቅ ሰውም ሌሊት ተነስቶ ይጠጣዋል። አይሆንም እንጂ ከተጠጣ፣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላል። ወተት እየጋታችሁም ጊዜ አታባክኑ። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፤ ምን እንደጠጣ ማወቃችን ሕክምናውን ይለውጠዋል።

ይሄን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ናችሁ፤ ምንጣፉን የሚያጥበው ሰው ግን ምናልባት ስልክ ላይ ጊዜ የላትም፣ ወይም የበረኪናው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አላነበበችም። ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ዛሬ ቤት ስትገቡ ለምታግዛችሁ ልጅ በቃላችሁ ንገሯት። አብራችሁም «እድፍ ካልለቀቀ ይቅር፣ ማንም አይቆጣሽም» በሏት። ያቺ ልጅ ሳንባዋን ልታጣ የደረሰችው ኬሚስትሪ ስላላወቀች ብቻ አይደለም፤ ቁጣም ፈርታ ነው።

ምንጣፍ ይገዛል። ሳንባ ግን ከየትም አይገዛም። ጤና ይብዛላችሁ!