በሠርግ ዋዜማ እራት የመጠጡ ሒሳብ የማን ነው?

በአሜሪካ አገር ሙሽሮችና ሚዜዎች በሠርጉ ዋዜማ የጋብቻውን ሥርዓት ከተለማመዱ በኋላ አብረው እራት ይበላሉ። በቆየው ልማድ ወጪውን የሚችሉት የሙሽራው ወላጆች ናቸው። ክርክር የሚነሣው በመጠጡ ላይ ነው፤ ምግቡ በጋባዡ፥ መጠጡ ግን በእንግዳው ኪስ ይሁን የሚሉ አሉና።

ጠላው ተጠምቆ፥ ጠጁ ተጥሎ እንግዳ በሚጠበቅበት አገር ላደገ ሰው፥ የተጠራውን እንግዳ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው። ነገር ግን፥ ክቡር አንባቢ፥ በዚያ የሚኖር ዘመድዎ ልጁን ሲድር ምክር ቢጠይቅዎ፥ በደመወዝ የሚያድር ሰው ስለ ዕዳ መሥጋቱን አይንቀፉበት። ቢራና ወይን በጋባዡ ሒሳብ ይቅረብ፤ ውስኪው ይቅር፤ የገንዘቡንም ልክ ከምግብ ቤቱ ጋር አስቀድሞ ይዋዋል። (ነገ ቃል ኪዳን የሚገባ ሙሽራ ዛሬ ቢሰክር ማን ያመሰግነዋል?) በዚያ አገር የአልኮል መግዣ ዕድሜ 21 ዓመት ስለ ሆነ፥ ለወጣት ሚዜዎች ለስላሳ መጠጥ በብዛት ማዘዙን አይርሳ።